የባቲ ፍየል ስንት ታወጣለች? የገበያ ዋጋና የቤት ጥቅም የተለያዩበት ጉዳይ

ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው። ከተማዋ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጥግ ትገኛለች። አፋሩ ፍየሉንና ግመሉን ነድቶ ይመጣል። የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱን ያወጣል። የደጋው ሰው እህል ጭኖ ይወርዳል። ሦስት ዓይነት ኑሮ በአንድ ቀን ይገናኛል። ዋጋ ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚደብቅ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ጉዳዩ ይህ ነው። በድርቅ ወይም በበሽታ ፍየሎቹ ያለቁበት ቤተሰብ አለ። መንግሥት ወይም ረጂ ድርጅት ሊደርስለት ይፈልጋል። ካሳ ይከፈለው፣ ወይም ምትክ ፍየል ይገዛለት ይባላል። ታዲያ የአንዲት ሴት ፍየል ዋጋ ስንት ተብሎ ይያዝ? ቀድሞ የሚመጣው መልስ «ገበያ ወርዳችሁ ጠይቁ» የሚል ነው። በዚህ መልስ የሚሄድ ሰው ቤተሰቡ ካጣው ግማሹን ብቻ ሊተካ ይችላል ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ የገበያውን ዋጋ በደንብ መበተን ያስፈልጋል።

ዋጋውን መበተን

በኢኮኖሚክስ ሄዶኒክ የሚባል ዘዴ አለ። ሐሳቡን ገበያተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ገዢው በአንዲት ፍየል ውስጥ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ጤንነትና ቀለም አብሮ ይገዛል። ብዙ ፍየሎች ከነዋጋቸውና ከነባሕርያቸው ከተመዘገቡ፣ እያንዳንዱ ባሕርይ ዋጋው ላይ ስንት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ በስታቲስቲክስ መለየት ይቻላል። ይህን የባሕርይ ዋጋ ልበለው።

ዘዴው ከግብርና ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ፍሬድሪክ ዎ የተባለ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የቦስተንን የአትክልት ገበያ ይዞ ቀለምና መጠን ዋጋን እንዴት እንደሚለውጡ አጥንቷል። አንድሩ ኮርት በ1939 ለመኪና ዋጋ ተጠቀመበት። ዚቪ ግሪሊችስ በ1961 እንደገና አነሳው። ሸርዊን ሮዘን ደግሞ በ1974 የንድፈ ሐሳብ መሠረት አቆመለት። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቤት ላይ ነው። አየሩ ንጹሕ የሆነ ሰፈር ያለ ቤት ጭስ ካለበት ሰፈር ቤት በስንት ይበልጣል? ከልዩነቱ ተነስቶ ሰዎች ለንጹሕ አየር ስንት እንደሚከፍሉ ይገመታል። በአገራችንም የመካከለኛው ደጋ የበግ ዋጋ ከወቅትና ከእንስሳው ባሕርይ ጋር እንዴት እንደሚሄድ የመረመረ ጥናት በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ባቲ ላይ ይህን መሥራት የሚፈልግ ሰው መጠንቀቅ ያለበት ነገር ብዙ ነው። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለስሌት አይረባም። የሚያስፈልገው ተደራድረው የጨረሱበት ዋጋ ነው። ክብደት በሚዛን መወሰድ አለበት፤ በዓይን ግምት ከተያዘ የሌላው ባሕርይ ሁሉ ዋጋ ይዛባል። ዕድሜ በጥርስ ይታያል። ሥጋዋን ለማወቅ ነጋዴው ወገቧን እንደሚዳስሰው መዝጋቢውም መዳሰስ መልመድ አለበት። ወንድ ከሆነ ሙክት ነው ወይስ ወጠጤ? ቀለሙስ? ጥቁር ብዙ ቦታ ይጠላል፣ ቀይ ይወደዳል። ከሁሉ በላይ ግን ገዢው ለምን እንደገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሊያርድ ነው? ሊያደልብ? ሊያረባ? ጭኖ ሊሄድ? ይህች ጥያቄ ከቅጹ ላይ ከጎደለች ቀሪው ልፋት ግማሹ ከንቱ ይሆናል።

ምክንያቱም አንድ ባሕርይ በአንድ ገበያ ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ስብን እንውሰድ። ለበዓል የሚገዛ የደሴ ሰው የሰባ ሙክት ሲያይ ብር ይጨምራል። ለሞጆና ለቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች የሚሰበስብ ነጋዴ ደግሞ የሚፈልገው ያልተኮላሸ፣ ገና ወጣት፣ ስብ የሌለው የቆላ ፍየል ነው፤ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ገዢ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ። ሁለቱን ገዢዎች በአንድ ስሌት ከቀላቀልናቸው ስብ «ብዙም ዋጋ የለውም» የሚል ውጤት ይወጣል። ውጤቱ የአንዳቸውንም ፍላጎት አይገልጽም።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። ለአረፋ የሚታረድ ፍየል ዓመት የሞላው፣ ያልታወረ፣ የማያነክስ፣ በግልጽ ያልታመመና ያልከሳ መሆን አለበት። ስለዚህ ከአረፋ በፊት ባሉት ሰኞዎች ጥርስና ጤንነት በሌላ ጊዜ የማያወጡትን ዋጋ ያወጣሉ ብለን እንጠብቃለን። በሌላ ሰኞ ትንሽ ዋጋ ብቻ የምታስቀንስ ማንከስ ያን ጊዜ ገዢውን ጨርሶ ታሸሻለች። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይውላል። የሦስትና የአራት ዓመት መረጃ ይዞ በወር ስም ብቻ የሚከፋፍል ሰው የአረፋን ውጤት ከዝናቡ ውጤት ጋር ያምታታዋል። ፋሲካም ቀኑ ይለዋወጣል፤ ከፊቱ ደግሞ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም አለ። በወሎ በልግ የሚዘራበትና ግጦሽ ገና ያላገገመበት ጊዜም እዚያው አካባቢ ነው። የወሎን ገበያ በወሎ የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ግድ ነው።

አንድ ነገር ላክል። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም የሚታወቅ ነው፤ «ባቲ ጀኑይን» ይሉታል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ባሕርይ በፍየሏ ዋጋ ላይ መታየት ነበረበት። ችግሩ ግን እከክ ያደረሰው ጉዳት በአብዛኛው ጎልቶ የሚወጣው ጸጉሩ ተነስቶ ፋብሪካ ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። የቁም ፍየል የሚገዛ ሰው ጥሩውን ሌጦ ከመጥፎው በእርግጠኝነት መለየት ካልቻለ ለጥሩው አይጨምርም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሌጦ ዋጋ ወድቆ ከበዓል በኋላ ሌጦ ሲጣል አይተናል። እንስሳዋ ያችው ናት፣ ሌጦውም ያው ነው። የባሕርዩ ዋጋ ግን ጠፋ።

ገበያ የማትወጣዋ ፍየል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፍየል ይዛ የተቀመጠች እናት ጋ ቀርባችሁ «እማማ፣ ትታለባለች?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰጣችሁ መልስ ይህን የመሰለ ነው፦ «የምትታለብ ብትሆን እዚህ ምን ያመጣታል ልጄ!»

በዚህ መልስ ውስጥ ትልቅ የኢኮኖሚክስ ችግር አለ። ጥሩ ወተት የምትሰጥ፣ መንታ የምትወልድ፣ ግልገሎቿ የማይሞቱባት ፍየል ቤት ትቀራለች። ገበያ የምትወጣው ወተቷ የቆመ፣ ያስወረደች፣ ያረጀች ወይም ባለቤቷን ብር የቸገረው ነች። ስለዚህ ገበያ ላይ የምንመዘግባቸው ሴት ፍየሎች የመንጋው ናሙና አይደሉም። ባለቤቶቻቸው መርጠው ያወጧቸው ናቸው። ከእነዚህ ተነስቶ «የወተት ዋጋ ይህን ያህል ነው» ማለት የማይቻል ነገር ነው።

ገዢውም ይህን ያውቃል። ሻጯ ምላ ብትነግረው እንኳ ወተቷን ሳያይ አይጨምርም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. በአሮጌ መኪና ገበያ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ዋጋው ወደ መጥፎው ዕቃ ይወርዳል፣ ጥሩውም ከገበያ ይሸሻል። ድርቅ መቋቋም፣ ሩቅ ውኃ ድረስ መራመድ፣ ቁጥቋጦ በልቶ መክረም፣ በየዓመቱ መውለድ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰኞ ጠዋት አይታዩም። የማይታየውን ደግሞ ገበያ ዜሮ ይሰጠዋል። ለአፋሩ እረኛ ግን ትልቁ ሀብት እሱ ነው።

በቁጥር ላሳየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የሰሞኑ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ። ባቲ ላይ 5,000 ብር የምታወጣ ጤነኛ ሴት ፍየል ትኑር። በዓመት አንድ ግልገል ታሳድጋለች፤ ግልገሉ 3,000 ብር ያወጣል። ለቤት 60 ሊትር ወተት ትሰጣለች፤ ሊትሩ በ50 ብር ቢታሰብ 3,000 ብር ነው። ለጥበቃ፣ ለመድኃኒት፣ ለጨው 2,500 ብር እንቀንስ። የዓመቱ የተጣራ ጥቅም 3,500 ብር ይሆናል። ገና ሦስት ዓመት ትወልዳለች እንበል፣ መጨረሻ ላይም በ5,000 ብር ትሸጣለች። ልትሞት ትችላለችና፣ የነገ ብርም ከዛሬው ያንሳልና፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ጥቅሙንም የመጨረሻውን መሸጫ ዋጋም በ20 በመቶ እንቀንሰው። ሲደመር 9,392 ብር ይመጣል። ገበያው 5,000 ብር ያላት ፍየል ለቤቱ ወደ 9,400 ብር የምትጠጋ ነበረች ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይገባል። እንዲህ የምትጠቅም ከሆነ ሌላው ገበሬ ለምን 9,000 ብር ሰጥቶ አይገዛትም? ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያው መልስ ያልኩት ነው፣ ወተቷ አይታይም። ሁለተኛው፣ ይበልጥ የምትጠቅመው ቤተሰብ በእጁ ብር የለውም፤ ፍየል አስይዞ ወይም ለፍየል ብሎ መበደርም ቀላል አይደለም። ሦስተኛው፣ የለመደችው ግጦሽና ውኃ አለ። ከቆላ የመጣች ፍየል ደጋ ላይ ያንኑ ላትሰጥ ትችላለች። ገበያው ላይ ብሩ ያለው ደግሞ በአብዛኛው አራጁ ነው። እሱ የሚያየው ኪሎውን ብቻ ነው።

ስሌቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። የ20 በመቶውን ቅናሽ 40 በመቶ ብናደርገው ድምሩ ወደ 5,196 ብር ይወርዳል፤ ከገበያው ዋጋ ጋር ተጠጋ ማለት ነው። ድርቅ የሚሠራው ይህንን ነው። የመሞት ዕድሏ ሲያድግ፣ ዛሬ የሚበላ ሲጠፋ፣ ነገ የምትሰጠው ጥቅም በባለቤቷ ዓይን ይቀንሳል። ያን ጊዜ የምትወልደዋም ፍየል ገበያ ትወጣለች። ሰው ሞኝ ሆኖ ንብረቱን አይበትንም። ጨክኖ አስልቶ ነው የሚሸጠው። እንዲህ ያለውን ሰኞ ዋጋ የመዘገበ መዝጋቢ ብዙ ሴት ፍየሎች በሥጋ ዋጋ ሲሸጡ ያያል። ያንን ዋጋ ይዞ ካሳ የሚከፍል ደግሞ ቤተሰቡን በክፉ ቀን ዋጋ ይቀጣዋል።

የ1966ቱ ረሃብ ያሳየው

ወሎ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ተምሯል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ምን ያህል ተወዶ ነበር? ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን መርምሮ ያገኘው መልስ ብዙዎችን አስደንግጧል። ዋጋው ከድርቁ በፊት ከነበረው ያን ያህል አልራቀም። ሰው እያለቀ እህል አልተወደደም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ እህል ይወጣ እንደነበርም ተዘግቧል። የገበሬው ሰብል ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። በእጁ ብር ስላልነበረ ረሃቡ ገበያ ላይ ፍላጎት ሆኖ አልታየም። አፋሩ ደግሞ በሁለት በኩል ተመታ። በአዋሽ ሸለቆ ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች የተሰጠው መሬት የበጋ ግጦሹን ወስዶበት ነበር። ከብቱ ሲያልቅ፣ የተረፈውም በእህል ሲለወጥ የሚያገኘው እህል አነሰ።

ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር ግልጽ ነው። ሄዶኒክ ዘዴ የሚለካው ሰዎች ለአንድ ባሕርይ ለመክፈል ያላቸውን ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ግን ከኪስ ጋር የታሰረ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ወተትን ምንም ያህል ቢፈልገው በስሌቱ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ከባሕርይ ዋጋ ተነስቶ ስለ ሰዎች ደህና ኑሮ መናገር የሚፈልግ ተመራማሪ ማን እንደከፈለ ብቻ ሳይሆን ማን መክፈል እንዳልቻለም አብሮ መጻፍ አለበት።

ሮዘን ራሱ ያስቀመጠው ሌላ ገደብም አለ። የምናገኘው የባሕርይ ዋጋ የገዢና የሻጭ መገናኛ ነጥብ ነው። አንድ ኪሎ ሲጨመር ዋጋው ስንት እንደሚጨምር ይነግረናል። የአንድ ወረዳ ፍየሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢሻሻሉ ሰው ስንት እንደሚጠቀም ግን አይነግረንም፤ ያን ጊዜ ዋጋው ራሱ ይለወጣልና። ለዚህ ከአንድ በላይ ገበያ ያስፈልጋል። የባቲን፣ የመርሳንና የወልድያን ዋጋ ጎን ለጎን መያዝ አንድ ጅምር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አገራችን ለመሬት መንገድ አብጅታለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የመሸጫ ዋጋ ስለሌለው ካሳ በገቢ ይሰላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለዘለቄታው መሬቱን ለሚለቅና ተመጣጣኝ ምትክ ለማያገኝ ገበሬ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ይላል። መጠኑ ይበቃል አይበቃም ሌላ ክርክር ነው። መርሁ ግን ትክክል ነው፤ የሚታየው መሬቱ ለባለይዞታው በየዓመቱ ምን ይሰጥ እንደነበር ነው። ፍየሏ የመሸጫ ዋጋ ስላላት ብቻ የምትሰጠው ዓመታዊ ጥቅም ለምን ይረሳል?

በእኔ እምነት ለባቲው ጉዳይ ሁለት ሥራ ያስፈልጋል። አንዱ ገበያው ላይ ነው። ባልኩት መንገድ ዋጋ መመዝገብና ለኪሎ፣ ለጥርስ፣ ለሙክትነት የሚከፈለውን መለየት። ለሥጋ እንስሳ ይህ በቂና አስተማማኝ ነው። ለሚያደልብ ወጣት ብድር ለመወሰን፣ አንድ ኪሎ ለመጨመር የሚወጣው መኖ ያዋጣል አያዋጣም ለማለት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ሌላው ሥራ መንደር ውስጥ ነው። ባለቤቶችን ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ፍየሎች በሥዕል ይቀርባሉ። አንዷ ትልቅ ናት፣ ወተቷ ግን ትንሽ። ሌላዋ ከሲታ፣ በየዓመቱ የምትወልድና ድርቅ የምትችል። ዋጋቸውም ይለያያል። የትኛዋን ትመርጣለህ? የትኛዋን ትመርጪያለሽ? እንዲህ ያለው የምርጫ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ገበያ ላይ የማይታየውን ባሕርይ ዋጋ ያወጣል። «የአፍ መልስ አይታመንም» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኬንያ ውስጥ በአርብቶ አደሮች ከብት ላይ ሁለቱን ዘዴዎች አነጻጽሮ በሁለቱም ሊለኩ በሚችሉት ባሕርያት ላይ ውጤታቸው የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። ሴቶችን ለብቻ መጠየቅ ግን እንዳይረሳ። ወተቱን የምታልበው፣ ለልጅ የምትሰጠው፣ የቀረውን የምትንጠው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ነች። ገበያ ወርዶ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ባል ነው። የገበያ መረጃ ብቻ ከያዝን የእሷን ግምት አናገኘውም።

ምትክ ፍየል ሲገዛም ያው ነው። በጨረታ በጅምላ የሚገዛ አቅራቢ ዓይን የሚሞላ፣ በኪሎ የሚያዋጣ ፍየል ያመጣል፤ ውሉ የጠየቀው እሱን ነውና። ለቤተሰቡ በእጁ የግዢ ኩፖን ቢሰጠውና ራሱ ባቲ ወርዶ ቢመርጥ የተሻለ ነው። እሱ ሻጩን ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ዘመድ አለው። ፍየሏ ከየትኛው መንደር እንደመጣች ይጠይቃል። እናቷ መንታ ትወልድ እንደነበር ይሰማል። ይህ ወሬ የቅጹ አምዶች ሊይዙት የማይችሉት መረጃ ነው።

ኩፖኑም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ሰኞ ኩፖን ይዞ ቢወርድ የሴት ፍየል ዋጋ ያን ቀን ይሰቀላል፤ ጥቅሙም ወደ ነጋዴው ይሄዳል። ስለዚህ ግዢው በተለያዩ ሰኞዎች መበተን አለበት። ከአረፋና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ባይሆን ይመረጣል። ዝናብ ጥሎ ቁጥቋጦው ቅጠል ካወጣ በኋላ ቢሆን ደግሞ የተገዛችው ፍየል የመጀመሪያዎቹን ወራት የማለፍ ዕድሏ ይጨምራል።